ብርቄ እኔው ነኝ

ባለፈው ኅዳር፣ ጀሞ ካለው ቤቴ አልጋ ሥር የከረመች ሻንጣ ጎትቼ ስከፍት፣ ከብል መድኃኒቱ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ወጣ፤ የሱፍ ክርና የማሽን ዘይት አብረው ሲሞቁ የሚሰጡት፣ ትንሽ በግ በግ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ቀይ የተማሪ ሹራብ ክርኑ ሳስቷል፤ አንገቱ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም አልላላም። አፍንጫዬን ቀብሬበት ብዙ ቆየሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ምን እንደማሸት ብትጠይቀኝ «አያትሽን» አልኳት፤ ግራ ገብቷት ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ያኔ የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው የሰው ጫማ ነጥቆ በሚያስቀርበት ቦታ። ዛሬ ፎቁ እንደ ችግኝ የተተከለበት ጀሞ በዚያን ጊዜ ገና የእህል ማሳ ስለነበር፣ በጥቅምት ነፋሱ ከዚያ ሲነሳ ጭድ ጭድ እየሸተተ ይመጣና የተሰጣ ልብሳችንን አቧራ ያለብሰዋል። ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሆኖ፣ ሳሎኑን የእናቴ ሹራብ መሥሪያ ማሽን ግማሹን ይዞታል። እጀታውን ወዲያና ወዲህ ስትነዳው የሚያወጣው ሽርር፣ ሽርር የሚል ድምፅ የልጅነቴ ሰዓት ነበር ማለት እችላለሁ፤ እሱን እየሰማን እናጠናለን፣ እሱን እየሰማን እንተኛለን፣ ድንገት ሲቆም ደግሞ ምን ሆነች ብለን እንነቃለን። አባቴ ከሥራ ገብቶ ዜና ሊሰማ ሲል ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ እናቴ እጀታውን ታፈጥነዋለች፣ እሱ ደግሞ ይጨምራል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ማን እንደሚያሸንፍ እየተጠባበቅን በደብተራችን ሥር እንስቃለን።

አባቴ አቶ ደምሴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለስሙ የነበረውን ዓይነት ፍቅር የትም አላየሁም። በወንበሮቻችን ሆድ፣ በጀሪካኑ ጎን፣ በጃንጥላው እጀታ፣ በመጥረጊያው እንጨት ላይ ሳይቀር በማይለቅ ቀለም «ደምሴ» ብሎ ጽፏል። ሌባ ፈርቶ አይደለም፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ዕቃው ራሱ እንዲያውቀው የፈለገ ይመስል ነበር። እናቴን ሰፈሩ «እትዬ የሺ» ይላታል፤ ሙሉ ስሟ የሺመቤት ነው። እኔም ዳዊትም ከዚያ ሌላ ስም ይኖራታል ብለን አስበን አናውቅም፤ እናት ስም ይዛ የተወለደች ትመስለናለች።

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ገብቶ ገና ብዙ ሰው በወሬ ብቻ የሚያውቀው ሰሞን፣ የሴቶች የእጅ ሥራ ባዛር የምታዘጋጅ አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። ሹራቦቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ ስፌቱን በጥፍሯ እየሞከረች ካየች በኋላ ባዛሩ ላይ ለእናቴ ጠረጴዛ እንዲሰጣት እንደምታደርግ ነገረቻት። በሚታደለው ወረቀት ላይ ግን የያንዳንዷ ባለሙያ ስምና ኢሜይል ስለሚታተም በሳምንቱ ይዛ እንድትቀርብ አሳሰበቻት። እናቴ ኢሜይል ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ይመስል «እሺ» አለች።

እሑድ ምሳ ላይ የስም ጉባኤ ተቀመጥን። አባቴ አስቀድሞ አስቦ ስለነበር ቀጥ ብሎ «ደምሴና ቤተሰቡ» ቢባል ክብር ያለው ነው አለ፤ የሠርግ መጥሪያ ይመስላል ብዬ ስስቅ ገላመጠኝ። ዳዊት የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ስም አመጣ፣ ሹራብና ኳስ ምን እንደሚያገናኛቸው ሲጠየቅ ማልያም ልብስ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ስለነበርኩና እንግሊዝኛ የጣፈጠኝ ጊዜ ስለነበር «ስዌተር ኩዊን» የሚል አቀረብኩ፤ የሹራብ ንግሥት ማለት ነው ብዬ ስተረጉም አባቴ ንግሥት ካለች ንጉሡም መጠቀስ አለበት አለ። እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ የተሰበረ የማሽን መርፌ በጉጠት እያቀናች ነበር። ቀና አላለችም።

«ብርቄ በሉት» አለች።

ብርቄ ማን ናት ብለን በአንድ አፍ ጠየቅን። አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። በልጆቹ ፊት ይህ ወሬ እንዲነሳ እንዳልፈለገ ከፊቱ ይታይ ነበር፤ እሷ ግን ነገረችን። ተወልዳ አባቷና እናቷ ያወጡላት ስም ብርቄ ነው። ለአባቴ ስትዳር፣ ገና የእኔን ዕድሜ የምታህል ልጅ ሳለች፣ ሙሽራ ለአማቷ ስትሰጥ ስም ይወጣላት ስለነበር፣ ያኔ በሕይወት የነበረችው አያቴ ዳሱ ውስጥ ተነስታ «ለእናቷ ብርቅ ትሁን እንጂ ለእኔ ምኗ ብርቅ ነው፤ የሺመቤት ብያታለሁ» አለች። እልልታ ሆነ። በዚያው ቀረ። እናቴ መርፌውን ወደ መብራት አንስታ እያየች፣ ሺው ቀርቶ አንዱን እንኳ አዝዤ አላውቅም አለችን፤ በቀልድ ነው የተናገረችው፣ ግን ማንም አልሳቀም።

አባቴ እናቱ ካረፈች ብዙም አልቆየምና ነገሩ ከበደው። እናቱ የሰጠችውን ስም መጣል እናቱን መናቅ እንደሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ በየሺመቤት የሚያውቃትን ሴት በሌላ ስም ወረቀት ላይ ማውጣት ቤቱን መሳቂያ እንደሚያደርግ ተናገረ። በመጨረሻም በዚህ ስም ከሆነ ባዛሩ ይቅር ብሎ ተነስቶ ወጣ። እናቴ ጉጠቱን አስቀመጠች። መርፌውን ቦታው ከተተች፣ ማሽኑም ሽርር አለ።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ጠበቀችኝ። በታክሲ ሳር ቤት ድረስ ሄድን፤ እዚያ ፎቶ ኮፒና ፋክስ ከሚሠራበት አንድ ቢዝነስ ሴንተር ውስጥ ኢሜይል እንደሚከፈት ሰምታለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የጋለ ወረቀትና የአቧራ ሽታ አላት፤ ኮምፒዩተሩም የሴት ልጅ ቀሚስ የሚመስል ዳንቴል ለብሷል። ማህሌት የምትባል ወፍራም መነጽር ያደረገች ልጅ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አንስታ ስልኩን ስታገናኘው መሣሪያው እንደታነቀ ዶሮ ጮኸ፤ እናቴ ወንበሯን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሳበችና አፍራ መልሳ አስጠጋችው። ገጹ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ማህሌት ስሙን ጽፋ፣ ትንሽ አይታ፣ አዝና፣ «እትዬ፣ ይሄ ስም ተይዟል» አለቻት።

እናቴ ማን እንደያዘው ጠየቀች። ማህሌት አይታወቅም፣ ዓለም ላይ ያለ አንድ ሰው ነው አለች። እናቴ ስክሪኑን አተኩራ ካየች በኋላ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ ትቼው ስለከረምኩ ነዋ አለች። ማህሌት ልታጽናናት ቁጥር እንጨምርበት ብትላት እስረኛ ነኝ እንዴ ብላ አልቀበልም አለች። የባለቤትዎን ስም እንጨምር ብትላት፣ የእሱ ስም በየወንበሩ አለ፣ ይበቃዋል አለች። የአባትዎንስ ስትባል ግን ነጠላዋን እያስተካከለች አባቷም በዚያን ቀን ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ እንዳጨበጨበ ነገረችን። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስዌተር ኩዊንን ላነሳው ስል እናቴ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ ብላ፣ በር አንኳኩታ ማነው እንደተባለች ሰው፣

«በይ ልጄ፣ ብርቄ እኔው ነኝ በይው» አለች።

ማህሌት በሳቅ መነጽሯ ወደቀ። ከዚያ ሳቋን አቁማ አየችኝ፤ የተናገረችው ራሱ አድራሻ ሊሆን እንደሚችል ለሁለታችንም ገብቶናል። ቃላቱን አጣብቃ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ጀመረች። እዚያ ላይ «ኝ»ን በየትኛው ፊደል እንጻፋት በሚለው እኔና እሷ ስንከራከር ብዙ ደቂቃ አለፈ፤ እናቴ ሁለታችሁም ቶሎ ተስማሙ፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል እያለች ትጨቀጭቀናለች። ማህሌት የመጨረሻውን ስትጫን ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ኮምፒዩተሩ ተቀበለ። በዓለም ላይ ብርቄ እኔው ነኝ የሚል ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።

ማታ አባቴ እራቱን እንደጨረሰ፣ ማሽኗን አቁማ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ስሜን አስመዝግቤ መጣሁ» አለችው። «ሰው ከሚነግርህ ብዬ ራሴ ነገርኩህ። ከዛሬ ጀምሮ በሌላው ብትጠራኝ አልሰማም።»

ያለችውንም አደረገች። አባቴ «የሺ» ብሎ ሲጣራ እንደ ግድግዳ ትሆናለች። ዕድር ላይ ጸሐፊው «ወይዘሮ የሺመቤት» ሲል እዚያው ፊቱ ተቀምጣ ዝም ትላለች፤ ሰዎቹ አለች፣ ይቺውና እያሉ እየጠቆሙ፣ እሷ ግን ንቅንቅ ሳትል፣ ቀሪ ተብላ ተጻፈች። ባለሱቁ፣ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ በየተራ ታረሙ። አንዳንዶቹ አበደች አሉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ላይ ሰው ሲጠራትና ዝም ብላ ስታልፍ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምልበት ቀን ነበር። አባቴ በበኩሉ አኮረፈ፤ «እናታችሁ ጨው ታቀብል» እያለ በእኛ በኩል ያናግራት ጀመር። ባዛሩም ላይ አልመጣም። ከጠረጴዛዋ በላይ ግን በካርቶን ላይ እኔ የጻፍኩት «ብርቄ ሹራብ» ተሰቅሎ ዋለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳር ቤት እየሄድን ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ እንጠይቃለን። ማህሌት ዳንቴሉን ታነሳለች፣ ዶሮው ይጮሃል፣ ምንም የለም። እናቴ አይከፋትም፤ ስሙ እዚያው እንዳለ ካየች ይበቃታል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አንድ መልእክት ተቀምጦ ጠበቀን። የጻፈችው በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒዩተር የምትጠቀም አንዲት የማናውቃት ልጅ ናት። የባዛሩን ወረቀት ቤቷ ይዛ ብትገባ እናቷ ስሙን አይታ እንቅልፍ አጥታለች፤ ብርቄ የምትባል አብሮ አደግ እንደነበረቻት፣ አዲስ አበባ ተዳረች ሲባል ሰምታ ራሷም ከመጣች ጀምሮ ስትጠይቅ እንደኖረች፣ ብርቄ የምትባል ሴት የሚያውቅ ሰው ግን እንዳላገኘች ትናገራለች። «እናቴ፣ እኔው ነኝ ያልሽው ያቺው ነሽ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ፤ ስሟ ጥሩነሽ ነው፣ የምንኖረው ሀና ማርያም ነው» ይላል መልእክቱ። ማህሌት አንብባ ስትጨርስ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ሀና ማርያም ከእኛ ቤት በታክሲ የሚደረስ ቦታ ነው። ሁለቱ ሴቶች ያን ያህል ዘመን በአንድ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጡ ኖረው ይሆናል፤ አንዷ የምትፈልገው ስም ሌላዋ ላይ ስላልነበረ ብቻ ተላልፈዋል።

እትዬ ጥሩነሽ በሳምንቱ እሑድ መጣች። ግቢያችን በር ላይ ሆና «ብርቄ!» ብላ ስትጣራ እናቴ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው የልጅ ድምፅ አቤት አለች። ቀኑን ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው ወንዝ ስለ መዋኘት፣ ከሰው ማሳ ሽንብራ ስለ መስረቅ፣ እናቴ በድንጋይ ስለ ፈነከተችው አንድ የሰፈር ጉልቤ ሲያወሩ፣ አባቴ ጋዜጣ ይዞ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣውን አልገለጠውም። ሲመሽ እንግዳዋን ራሱ ታክሲ ድረስ ሸኛት፤ ተመልሶ ሲገባም እናቴን ለብዙ ጊዜ አያት፣ ያገባትን ሴት ገና የተዋወቃት ይመስል።

ብርቄ ብሎ ግን አልጠራትም፤ እስኪሞት ድረስ አልጠራትም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ «እመቤት» ይላት ጀመር። እናቱ ካወጣችው ስም ግማሹን ቆርጦ፣ ሺውን ትቶ። እሷም ለዚህች አቤት ትል ነበር፤ ይቺን እንኳ ራሱ አስቦ ያመጣት ናት አለችኝ አንድ ቀን።

ዛሬ ያ ቤት የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ግማሹ አስፋልት ሆነ፣ ግማሹ ለሌላ ሰው ፎቅ መሠረት ሆነ። አባቴ አርፏል፤ እትዬ ጥሩነሽም፣ እናቴም በተከታታይ ሄዱ። ማሽኗን የገዛው ሰው የት እንዳደረሳት አላውቅም። ኢሜይሉን ብዙ ጊዜ ሳንከፍተው ስለቆየን አገልግሎቱን የሚሰጡት ሰርዘውታል፤ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ የጻፈችውን ያን መልእክት ያኔ በወረቀት አስወጥቼ ባስቀምጠው ኖሮ እላለሁ። ሽርር የሚለውን ድምፅም ልጄን ላሰማት ፈልጌ በአፌ ስሞክረው ሳቀችብኝ።

እኔ ሳገባ ግን እናቴ ነበረች። የቅልቅሉ ዕለት አማቴ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ እንደ አገራቸው ወግ ለሙሽራዋ ስም ላወጣ ነው ብለው ተነሱ፤ እልል ሊባል አፎች ተከፈቱ። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ልጄ ስም አላት» አለችና መልሳ ተቀመጠች።

ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴት ምነው ስትል ሰማሁ። አማቴ እናቴን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። እጄን ያዙና ማን ተብዬ መጠራት እንደምወድ ጠየቁኝ። ስሜን ነገርኳቸው። እናቴን በሙሽራነቷ ቀን ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።