ጀዊሪያና ያልተቋጨው ነጠላ

ጀዊሪያ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጠች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ሽሮ ሜዳ፣ በወንድሟ የልብስ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ሸማኔዎች ሠርተው ያመጡትን ነጠላ ዘርፉን ትቋጫለች፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በመዳፏ እያሸች ትገምዳለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ሆኖም የሰፈሩ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ሲከብዳቸው የሚመጡት ወደ እሷ ነው።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያነቡላታል። ምንም ሳይገባት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ እንደሚሰማ ሰው ትሰማለች። ቀጥሎ በአማርኛ ይነግሯታል። ከዚያ መጠየቅ የእሷ ተራ ነው፤ «ማነው የሚናገረው? ለማን? ምን ፈልጎ?» ተማሪው ሲመልስላት ሲመልስላት፣ ሳያውቀው የቤት ሥራው ያልቃል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ከእንጦጦ የወረደው ጉም መንገዱን ሞልቶት ነበር። የጎረቤት ባለሱቅ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ሀያም፣ ከጓደኛዋ፣ ከሸማኔው ልጅ ከሉሊት ጋር መጣች። ሀያምን አባቷ «ዘንድሮም እንግሊዝኛ ከወደቅሽ በቃ፣ ሱቅ ትቀመጫለሽ» ብሏታል። የቀራት ይህ አንድ የቤት ሥራ ነው፤ ከአሥር አምስት ካላመጣች አለቀላት።

የቤት ሥራው ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። አንዲት በባሕር ዳርቻ የምትኖር ሸማኔ ርቆ ለሄደ ሰው ነጠላ ትሠራለች። መጨረሻው ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ነጠላው በተከፈተው መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ የዘርፉ ክር ሳይገመድ በነፋስ ይውለበለባል። ጥያቄው «ሴትዮዋ ክሩን ለምን እንዲያ ተወችው?» ይላል።

«መልሱማ ቴሌግራም ላይ አለ» አለች ሉሊት ስልኳን እያወዛወዘች። «ሞታለች። ክፍሉ በሙሉ እሱን ነው የጻፈው። ገልብጪና እንሂድ፣ ልጅት፤ በረደኝ።»

ጀዊሪያ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ጉሙን ባሕር አደረገችው። ሴትዮዋ ከመሀሉ ወጥታ፣ ባዶ እጇን፣ በታክሲዎቹ መካከል ቀስ ብላ ስታልፍ ታየቻት። ፊቷ የሞተ ሰው ፊት አልነበረም።

«ምን ሆና ትሞታለች? ሥራዋን ጨርሳ ነው የሄደችው። ሉሊት፣ አባትሽ ዘርፍ ይቋጫል እንዴ?»

ሉሊት ሳቀች። «አባዬ? ምን ቆርጦት! ሠርቶ ከሽመና ዕቃው ያወርዳል፣ በቃ።»

«አየሽ? የሸማኔ ሥራ እዚያ ያበቃል። ዘርፉን የሚቋጨው ሌላ እጅ ነው። ለሚመጣው እጅ ትታለት ነው የሄደችው።»

ሀያም እስክሪብቶዋን አነሳች። ይሄኔ ጀዊሪያ ፈራች።

«ቆይ... ማለቴ፣ የእኔን ተይው። ያልተማርኩ ሰው ምን አውቃለሁ? ሞታለች በይ። በእኔ ወሬ ሱቅ ከምትቀመጪ...»

«እትዬ፣ እስቲ ይተዉኝ» አለች ሀያም፣ ቀና ሳትል እየጻፈች።

ሐሙስ ዕለት ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጣች። ስድስት ከአሥር። ከሥሩ መምህሩ በቀይ የጻፈውን ተረጎመችላት። «ግጥሙ በተጻፈበት አገር ሸማኔዋ ዘርፉንም ራሷ ትቋጫለች፤ መልስሽ ልክ አይደለም። ነገር ግን ከአርባ ስምንት ተማሪ ምክንያት የሰጠሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አላልኩሽም? አሳሳትኩሽ» አለች ጀዊሪያ።

«ተሳስተን አለፍን እኮ! አባዬ ስድስቷን ሲያያት ‹ይሁን፣ ቀጥዪ› አለኝ።»

«እኔ ሴትዮዋን ገድዬ ሦስት አገኘሁ» አለች ከኋላ የደረሰችው ሉሊት።

ጀዊሪያ ሳቀች። ‹ቀጥዪ› የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ውስጥ ቆየ። እሷ ትምህርት በተወች ሰሞን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ቅር አላላትም፤ ወይም ቅር መሰኘቱ ራሱ ደክሟት ከተወችው ቆይቷል። ሀያም አጠገቧ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የሚቀጥለውን ትምህርት ገለጠች። ስለ አንድ መርከብ ነው።

«ቆይ፣ መርከብ ስንት ሱቅ ያክላል?» ስትል ጀዊሪያ ጠየቀቻት።