የእትዬ ሙሉመቤት ማር

እትዬ ሙሉመቤት ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ፣ ማንም የማይነካው አንድ ብልቃጥ ማር ነበር። አባታቸው ጎጃም ከገዛ ቀፏቸው የቆረጡት ማር ነው። እትዬ ሲሰደዱ ይዘውት ሱዳን ገቡ፤ ሜልበርን ኤርፖርት ፈታሾቹን እንዴት እንዳለፉ እግዜር ይወቀው። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ካርቱም ሳሉ ነው። አፈር እንኳ አላለበሷቸውም። ከዚያ ወዲህ ብልቃጡ አልተከፈተም።

«እሱ ያለቀ ቀን አባዬም ያልቃል» ይሉ ነበር።

እኔ ሜልበርን፣ ካርልተን የሚባለው ሰፈር ፎቆች ላይ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነበርኩ። አንድ ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሞቼ ስነሳ፣ ሾርባውንም ሎሚውንም ይዘው ሲመላለሱ ከረሙ፤ ከማሩ ግን አንዲት ማንኪያ አላቀመሱኝም። ተቀይሜያቸው ነበር። ዛሬ ያ ሾርባ እንኳ ይናፍቀኛል።

እኔና እትዬ በተቀጠርንበት የቢሮ ጽዳት አብራን የምትሠራ ቻንድራ የምትባል የስሪላንካ ሴት ነበረች። ቡድሂስት ናት። አንድ ቅዳሜ መነኩሴያቸው ወዳሉበት ቤት ምግብ ስትወስድ አስከትላን ሄደች። ሽማግሌው መነኩሴ ብርቱካናማ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ ሙሉመቤት ሰተት ብለው ገቡና ምስር ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ መነኩሴው አፍ ዘረጉ። ቻንድራ ልትወድቅ ነበር። ለካ እኚህ መነኩሴ የሴት እጅ አይነካቸውም! ሰውየው ግን ሳቅ ብለው ሳህናቸውን ከፍ አደረጉላቸው፤ ጉርሻው እዚያ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባ» ሆኑ።

እትዬን ያናደዳቸው ሌላ ነገር ነው። አባ ጉርሻውን ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጥመው በሉት። «መነኩሴ እንዲህ እየጣመው ይበላል? የእኛዎቹ ጥሬ ቆርጥመው ያድራሉ» እያሉ ትራም ላይ መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ። በሳምንቱ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ጠየቅኳቸው። አባ ምግቡ ሲጣፍጥ ጣፈጠ፣ ሲያልቅም አለቀ፣ ሰውን የሚያስረው ጣዕሙ ሳይሆን ሙጭጭ ማለቱ ነው አሉ። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተዋጠላቸውም።

ሁዳዴ ገባ። አባ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም፣ እትዬ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል፤ አብሮ መብላት የሚባል ነገር ቀረ። በዚያ መሀል አባን ክፉ ሳል ያዛቸው። ከሰዓት በኋላ ለታመመ መነኩሴ የተፈቀደው እንደ ማር ያለ ነገር ብቻ መሆኑን ቻንድራ ነገረችን።  

በማግስቱ ብልቃጡን በነጠላ ጠቅልለው በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ሬሳ የሚሸኝ ሰው ፊት ነበር።

አባ ቤት በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ማሩ ረግቷል። አባ አንድ ማንኪያ ቀመሱና የምን አበባ እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ አደይ አበባና ግራዋ መሆኑን ተናገሩ፤ ቀጥለውም አባታቸው ቀፎ ሲያጨሱ እንዴት ያንጎራጉሩ እንደነበር፣ ንብ የነደፈውን ጣታቸውን እንዴት ለልጃቸው ያሳዩ እንደነበር አወሩ። ስለ አባታቸው ሲያወሩ ሳያለቅሱ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

አባ ማንኪያውን አስቀመጡ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ይድገሙ እንጂ» አሏቸው እትዬ።

አባ በጣም ጣፋጭ እንደነበር፣ ግን እንደበቃቸው ተናገሩ። እትዬ ቱግ አሉ። «እሳቸው ምን አለባቸው፣ የአባታቸው ማር አይደለም! እንዳትተረጉሚ» አሉኝ። ተረጎምኩት። ያኔ ስታመም ማሩን የነፈጉኝ ቂም አልወጣልኝም መሰለኝ።

አባ አልተቆጡም። «አባትዎ ይህን ማር የቆረጡት ለምን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እትዬ ብልቃጡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ አማተቡ፤ በማንኪያው ጫፍ ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«ረስቼው ነበር» አሉ። «ጣዕሙን ረስቼው ነው ለካ ብልቃጥ ስጠብቅ የኖርኩት።»

ለእኔም አጎረሱኝ።  ከዚያ ጣፋጭ ቀን በኋላ ብዙ ማር በልቻለሁ፤ እሱን የመሰለ ግን አልገጠመኝም።

አባ ዳኑ። የተረፈውን ማር የፎቁ ልጆች ለፋሲካ በዳቦ ጨረሱት። ከበዓሉ በኋላ ሻይ ልጠጣ ብገባ ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ተፈግፍጎ ታጥቦ ስኳር ሞልቶበታል። ደነገጥኩ። ሽታው እንኳ እስኪጠፋ እንዴት ይታጠባል፣ እንዴትስ ስኳር ይደረግበታል ብዬ ተንጨረጨርኩ።

እትዬ ሙሉመቤት ከብልቃጡ ስኳር ጨልፈው ሻዬ ላይ እያማሰሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ጽጌ» አሉኝ፣ «በልተሽው የለም እንዴ?»