በዓሣ አጥማጆች ልብስ የተነሳነው ፎቶ

ባለፈው ከሐይቅ ወደ ደሴ ስመለስ አንድ ሰውዬ በላስቲክ ዓሣ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ወዲያው መስኮት ተከፈተ። በእኛ አገር ብርድ ይመታናል ተብሎ መስኮት የሚያስከፍት የለም፤ ሽታው ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ገምቺ። እኔ ግን ሻሼን ወደ አፍንጫዬ አልሳብኩም። ሽታው ሆላንድ ይዞኝ ገባ።

ሆላንድ ሄጄ ነበር፤ ነግሬሽ አላውቅም? ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ እሠራ ነበርና ለሥልጠና ሁለት ሰዎች ተላክን፤ እኔና አንድ መካኒክ። መካኒኩ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደጋን ልጅ ነው። ቀጥ ያለ ሰው ነበር፤ ማሽኑ የማይድን ከሆነ አለቃም ፊት ቢሆን አይድንም ይላል። እወደው ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእሱም ጭምር።

አንድ እሑድ አሠልጣኛችን የድሮ ዓሣ አጥማጆች መንደር ላሳያችሁ ብሎ ወሰደን። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ። መጋረጃ የሚዘጋ የለም፤ ሰው ምሳውን ሲበላ ከመንገድ ይታያል። እናቴ ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ ሳቅኩ። በጭስ የደረቀ ዓሣ ከየበሩ ይሸታል። የጀልባዎቹ ገመድ በነፋሱ ከምሰሶው ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሰማዩ የደሴን ክረምት ይመስላል።

ውሃው ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። የለበሱት ሹራብ ጥለት ዓይኔን ሳበውና ጠጋ ብዬ አየሁት፤ የሥራዬ ነገር ሆኖብኝ ነው። ደስ አላቸው መሰለኝ ወሬ ጀመሩ፤ አሠልጣኛችን ይተረጉማል።

«የየመንደሩ ጥለት ይለያያል። ባሕር የበላው ሰው ሬሳ ሲገኝ፣ የየት መንደር ሰው እንደሆነ በሹራቡ ነው የሚታወቀው» አሉን።

ባሕሩ በግድብ ከተዘጋ ወዲህ ግን የድሮው ዓሣ እንደጠፋ ነገሩን። መካኒኩ ታዲያ አሁን በምን ትተዳደራላችሁ አላቸው። በአገጫቸው ማዶ ያለውን ፎቶ ቤት አሳዩን።

ፎቶ ቤቱ የአያቶቻቸውን ልብስ ለእንግዳ እያለበሰ ያነሳል። ለእኔ ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ባለመስመር ሽርጥና ፀጉሬን ድፍን አድርጎ የሸፈነ ሹል ነጭ ቆብ ሰጡኝ። ለእሱ ሰፊ ሱሪና የብር ቁልፍ ያለው ጃኬት። ሁለታችንም የእንጨት ጫማ አደረግን። ፎቶ አንሺዋ ጠጋ በሉ አለችንና እጁን አንስታ ትከሻዬ ላይ አስቀመጠችው። ከብዶኝ ነበር፤ ወይም እኔው ነኝ ያከበድኩት።

ፎቶውን ለእናቴ በፖስታ ላክሁላት። ከጀርባው «እማ፣ ደስ ብሎኛል፤ አብሽሪ» ብዬ ጻፍኩበት። ስለ ልብሱ መጻፍ ትዝም አላለኝ። አሁን ፎቶ በየስልኩ በሚላክበት ጊዜ ይሄ ሞኝነት ይመስልሻል።

እናቴ ደሴ ቁጭ ብላ ፎቶውን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ፀጉሯን ሸፍናለች፤ ቀሚሷ እስከ እግሯ ነው፤ ሁለቱም አምረው ለብሰዋል፤ ወንዱ ትከሻዋን ይዟል። ይሄ ኒካህ ካልሆነ ምን ይሆናል? ዕድሜዬ ገፍቶ ነበርና እናቴ ከዚህ ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም። የማን ልጅ እንደሆነ አጠያየቀች፤ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደጋን ወረደች።

የመካኒኩ አባት ሚስታቸው የሞተችባቸው ገበሬ ናቸው። ፎቶውን ሲያገላብጡ ቆይተው «ወላሂ ልጄ ነው! ሳይነግረኝ ማድረጉ ቢከፋኝም አላህ ካለ ምን ይደረጋል?» አሉ አሉ። ፍየል ታረደ፤ ዱዓ ተደረገ።

እኛ ይሄን ሁሉ ሳናውቅ ተመለስን። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እናቴ ከእኔ በፊት እሱን አቀፈችው። አባቱ ወደ እኔ መጥተው «መርሃባ፣ ምራቴ!» አሉኝ። መካኒኩ ግራ ገብቶት አየኝ። እናቴ ፎቶውን ከነጠላዋ ፈትታ ስታወጣ ነው ነገሩ የገባን።

እሱ ዝም ቢል እኔም ዝም እል ነበር። ኒካሁ ዛሬ ይታሰር ቢሉኝ እንኳ መርሃባ ነበር የምለው። እኔን አየኝ፤ እናቴን አየ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ይሄ የዓሣ አጥማጆች ልብስ ነው። እዚያ የሄደ ሁሉ ለብሶ ይነሳል። እኛ አልተጋባንም።»

እናቴ ፎቶውን ቀስ ብላ መልሳ ቋጠረችው።

«ፍየላቸውንስ በላንባቸው» አለች።

አባቱ ሳቁ። «አብሽሪ፤ የተበላ አይመለስ። እነሱ ባይጋቡ እኛ ተዛምደናል።»

ለማጽናናት ያሉት መስሎኝ ነበር። ለዓረፋ ግን እናቴ ደጋን ወረደች። እሳቸውም ሰኞ ገበያ ሲወጡ ማሽላ አስጭነው መጥተው እኛ ቤት ያድሩ ጀመር። መካኒኩ ዓመት ቆይቶ የአገሩን ልጅ አገባ። እናቴ ሰርጉ ላይ ከዘመድ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ጓዳ ወጥ ሳማስል ዋልኩ፤ ዓይኔ ሲያነባ ሽንኩርቱ ነው አልኩ። ኋላ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ኑሮዬ ክፉ አልነበረም።

እናቴ ስትሞት የመካኒኩ አባት ዓይናቸው ደክሞ፣ በልጃቸው ሚስት ተደግፈው ለቅሶ መጡ። በር ላይ ድምፄን ሰሙና «ምራቴ» አሉ።

«አባ፣ ምራትዎ እኔ ነኝ እኮ፤ እዚሁ ነኝ» አለች የመካኒኩ ሚስት በቀስታ።

«አንቺንማ ይዤሻለሁ። እሷን ነው የጠራሁት።»

«አቤት፣ አባ» አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ አስገባሁና የእናቴ ፍራሽ ላይ አስቀመጥኳቸው።