የሜልበርን ትኬት

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ካርታ ላይ በክር ርቀት እንድለካ አስነሱኝና ተሳሳትኩ። «አንቺ ከመካኒሳ እስከ ሳሪስ ያለውን እንኳ አታውቂም» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚጠሩኝ «ሳሪስ» እያሉ ነበር።

አሁን ጀሞ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት እኚሁ አስተማሪ ከዘራ ይዘው ገቡ። አላወቁኝም። ሜልበርን ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ልጄ?»

«እስቲ ይገምቱ። ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አልኩ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «ስምንት... ዘጠኝ ሰዓት?»

«ወደ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እኮ ነው፣ ጋሼ። በአየር ላይ ብቻ አሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሆናል።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ጉዞዎች ነበሩ፤ አንዱ አውሮፕላን መቀየሪያው ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ ያስጠብቃል። እኔ አሥራ አራት ሰዓት የሚያስጠብቀውን ቆረጥኩላቸው። «ተባረኪ» ብለውኝ ወጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው የታክሲ ሰልፍ ሲይዙ በመስታወቱ አየኋቸው። ሮጬ ብወጣ እደርስባቸው ነበር፤ አልወጣሁም። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።