ስለ ስድስት ጎራሽ የጠየቀን ሰው

አባቴ የሚኖረው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነርስ ነኝ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ገዝቼ በሚኒባስ እወጣለሁ፤ ቤቱን ጠራርጌ፣ ልብሱን አጥቤ፣ አድሬ እመለሳለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ብቻህን ነህ ስለው ግን ይቆጣል።

«ስድስት ጎራሿስ?» ይላል።

ስድስት ጎራሽ የሚላት ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ሽጉጥ ናት። ጥይቷ እንደ ዛሬዎቹ ሽጉጦች በእጀታዋ በኩል አይገባም፤ ስድስት ቀዳዳ ያላት ክብ ከበሮ አለቻት፣ ቃታዋ በተሳበ ቁጥር ከበሮዋ ትዞራለች። ፈቃድ አላት። ስትተኩስ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ጥይቷም እንደ ልብ አይገኝም። እሱ ግን በስፌት መኪና ዘይት ይወለውላታል፤ ባዶ ከበሮዋን በአውራ ጣቱ እያሽከረከረ ጆሮው ሥር ይይዛትና፣ «ስሚ እንጂ፣ ሰዓት እኮ ናት!» ይለኛል።

በዚህ ፍቅር ሁለት ባልንጀሮች አሉት። አንዱ የቅኔ መምህሩ የኔታ ናቸው። ካህን ስለሆኑ በዘመናቸው መሣሪያ ጨብጠው አያውቁም፤ ነገር ግን የትኛው ጠመንጃ በማን ዘመን እንደገባ፣ የትኛው ሲሞቅ እንደሚነክስ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላው ከልጅነቴ ጀምሮ አያ የምለው ጎረቤታችን ነው። እሱ መሣሪያ የለውም። መሬቱ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ሲመኝ ነው የኖረው። ሦስቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ከኮሶው ጥላ ይቀመጣሉ። ወሬያቸው ሁሌ አንድ ነው።

አምና ገብሱ ሊታጨድ ሲል እንዲህ እንደተቀመጡ ነበር ሰውየው የመጣው። ያን ሰሞን ስለ መሣሪያ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ምዝገባ ሊመጣ ነው ይባላል፤ አይ፣ ፍተሻ ነው ይባላል፤ ማን የነገረው ነገር የት እንደሚደርስ አይታወቅም። እኔ ለአባቴ ምሳውን ይዤለት መጥቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ሰውየው አርባ ቢሆነው ነው። ጫማው ተወልውሏል፤ በዚያ ጭቃ እንዴት እንዳላቆሸሸው እንጃ። እጅ ነሣና፣ ደብረ ማርቆስ የብረታ ብረት ሥራ ቤት እንዳለው ነገራቸው።

«ከልጅዎ ቤት አይርቅም» አለው አባቴን። «ባለቤቷንም በመልክ አውቀዋለሁ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ በኛ በር ላይ ነው የሚያልፈው።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሰውየውን አይቼው አላውቅም።

«ይቀመጡ» አለው አባቴ። በዕድሜ ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ ሲለው፣ እንዳላመነው ገባኝ።

ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ብዙም ሳይቆይ ወደ ነገሩ ገባ። «የመሣሪያ ነገር እዚህ ነው የሚታወቀው ብለውኝ ነው። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ርካሽ ስድስት ጎራሽ የሚሠራ ሰው ቢገኝ፣ ምን ምን እንዲያሟላ ትፈልጋላችሁ?»

አያ የበትሩን ጫፍ መሬት ላይ ይጭር ጀመር።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ርካሽ ስትል፣ የረከሰው በዋጋው ነው በሥራው?»

«በዋጋው ነው አባቴ። ድሀ የሚገዛው ዓይነት።»

«ስድስት ጎራሽ አልክ?»

«አዎ።»

«ጎራሽ ካለ አጉራሽ አለ። አጉራሹ ማነው?»

ማን ላከህ ማለታቸው ነበር። ሰውየው ቅኔው ይግባው አይግባው ፊቱ ላይ አልታየም። ሣቅ ብሎ፣ «አጉራሹማ ገዢው ነው» አለ። የኔታ ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባቴ ግን አልቻለም። ሰው በሚወደው ነገር ሲጠየቅ ጥርጣሬውም አፉን አይዘጋለትም። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎ «እንዲያው ሳስበው ግን» አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው!

«ርካሽ ነው ብሎ ከበሮዋን የሚያላላ አለ» አለ። «ከበሮ እንደ ላላ ጥርስ ከተነቃነቀ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር አይገጥምም፤ እሳቱ በጎን ይተፋል፣ የተኳሹን እጅ ይበላል። ጌጥ አልፈልግም። እጀታዋ ተራ እንጨት ይሁን፤ ብቻ ላብ ሲነካት አትንሸራተት። ቃታዋ አትክበድ፣ ደግሞም አትቅለል። ዝናብ ያየች ቀን አትዛግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወድቃ አትተኩስ። ወድቃ የምትተኩስ ሽጉጥ ከእባብ አትሻልም።»

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። አይጽፍም፣ ስልኩንም አላወጣም። ይሄ ራሱ ደስ አላለኝም። ዓይኔ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ግን ትንንሽ የቃጠሎ ጠባሳዎች አየሁ፤ በያጆች ወደኛ ሲመጡ የማየው ዓይነት ነው። በብረት ሥራው አልዋሸም ማለት ነው። ጫማው ሌላ ይናገራል፣ ክንዱ ሌላ።

«እርስዎስ?» አለው ወደ አያ ዞሮ።

አያ ቀና ሳይል፣ «ቀላል ትሁን» አለ። «ከጋቢ ሥር የማትታይ።» ሌላ አልተናገረም።

ሰውየው አመስግኖ ተነሣ። ከምሳው ጋር ካመጣሁት የቀዳሁለትን ጠላ እንኳ ሳይጨርስ ወደ መንገዱ ወረደ። ከዓይን እስኪሰወር ሦስቱም ጀርባውን አዩት።

«ምን አስለፈለፈኝ?» አለ አባቴ ግንባሩን ይዞ።

የኔታ፣ «አንተ እኮ ቤትህ ያለውን ነው እየገለጽክ የነበረው» አሉት። አባቴ ፊቱ ጠቆረ።

ማታውን ሽጉጧን ከአልጋው ራስጌ አንሥቶ ይዟት ወጣ። የት እንዳኖራት አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም አይነግረኝም ነበር።

ወደ ከተማ በተመለስኩ በሳምንቱ ስልክ ደወለ። ጤንነቴን እንኳ አልጠየቀም።

«ባልሽን ስለኔ ማን ጠየቀው?»

«ማንም አልጠየቀውም አባባ።»

«ታዲያ ያ ሰው የሱን መሥሪያ ቤት እንዴት አወቀ?»

ባለቤቴ ከደቡብ በኩል የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ከመጣ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የተጋባነውም እዚሁ ነው። አባቴ ሠርጋችን ላይ የራሱን ጋቢ አውልቆ ያለበሰው ሰው ነው። እንዲህ ማሰቡ አንገበገበኝና በስልክ ተጣላሁት። ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«የመጣሁበት አገር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የተጠረጠርኩት» አለኝ። እራቱንም አልበላም።

አንድ ቅዳሜ ሁለታችን የሰውየውን ሥራ ቤት ፈልገን ወጣን። እንዳለውም ከቤታችን አይርቅም፤ በሩ ላይ የመስኮት ፍርግርግ ተደርድሯል፣ ውስጥ ብየዳ ይብለጨለጫል። ባለቤቴ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ገብተን ምን ልንል ነው? ሰላይ ነህ ወይ ይባላል? ሰውየው የብየዳ መነጽሩን ገፍቶ ቀና አለና አየን። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን። እኛም እንዲሁ መለስንና አለፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ወደ ሥራ የሚሄደው በሌላ መንገድ ሆነ።

መንደሩም ተበላሸ። ወር ቆይቼ ስሄድ ኮሶው ሥር ማንም የለም። አባቴ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የኔታ ሰውየውን ወደ እነሱ የጠቆመው አያ ነው ብለው ያስባሉ፤ አያ ደግሞ ከሁለቱም ይሸሻል። አባቴ መድኃኒቱን ተቀበለኝ፤ «ባልሽ ደኅና ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን በር ላይ ስንደርስ ነው። መልሴንም አልጠበቀም።

ጥር ውስጥ ነው፣ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ከባጃጅ አንድ ቆስሎ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው አወረዱ። ፊቱን ስገልጠው አያ ነው። ጭኑ በጨርቅ ታስሯል፤ ደሙ ጨርቁን አልፏል።

«ምን ሆነህ ነው አያ?»

«ማረሻ ወጋኝ።»

ጨርቁን ስፈታው የማረሻ ነገር አልነበረም። ቀዳዳው ትንሽና ክብ ነው፤ በወዲያኛውም በኩል ወጥቷል። አጥንቱን ስቶታል። ሐኪሙም አየ፣ እኔም አየሁ፤ አያ ማየታችንን አየ። እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ልጄ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ።»

«ፖሊስ መምጣቱ አይቀርም እኮ አያ። ለምን አባባን ብቻ ትፈራለህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ፖሊስማ ይጠይቀኛል፣ ያልፋል። አባትሽ ይሥቅብኛል።»

አባቴ ግን በማግስቱ ከመንደር ሰምቶ መጣ፤ የኔታም አብረውት ነበሩ። ፖሊሱ ቀድሞ ጠይቆት ሄዷል፤ አያ ሽጉጧን መንገድ ላይ ወድቃ አገኘኋት ብሎ ነው የተናገረው። ሁለቱ ሽማግሎች አልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ከማን ገዛህ?» አለው አባቴ።

አያ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ከሱ ነው?»

አያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በሬዎቹን ልፈታ ጎንበስ ስል ከመቀነቴ ሾለከችና ድንጋይ ላይ ወደቀች» አለ ቀስ ብሎ። «ቃታዋን አልነካሁም። በልጆቼ።»

አባቴ ይሥቃል ብዬ ነበር። አልሣቀም፤ ቁጣው ገነፈለ እንጂ። «ነግሬው ነበር እኮ!» አለ፣ በሽተኞቹ ሁሉ ቀና እስኪሉ። «ወድቃ የማትተኩስ ትሁን ብዬ በአፌ ነግሬዋለሁ! ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ አልሰማኝም!»

የዚያን ቀን የተናደደው በአያ አልነበረም፣ በመታለሉም አልነበረም። ያን ያህል ከልቡ የተናገረው ነገር ሰሚ አለማግኘቱ ነው ያንገበገበው።

የኔታ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ድሮስ ለመስማት መች መጣ?» አሉት። «ያለው ሰው ይናገራል፤ የሌለው ዝም ብሎ ይመኛል። እሱ የመጣው ዝም የሚለውን ሊያይ ነው። ገዢውን ለይቶ ሄደ።» ከዚያ የአያን እጅ ይዘው፣ «በሐሜቴ ይቅር በለኝ» አሉ። አያ ምን እንዳሙት አልጠየቃቸውም።

በዚያው ሳምንት የሰውየው ሥራ ቤት በር ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ጎረቤቶቹ አንድ ማለዳ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ ይላሉ። ሠሪው እሱ ራሱ ይሁን፣ የሌላ ሰው ደላላ ይሁን፣ ወይም አባቴ መጀመሪያ እንደጠረጠረው ሰላይ ሆኖ በጎን የሚነግድ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አያ ስሙን ለፖሊስ አልሰጠም። ሽማግሌ ገብቶ በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። እግሩ ድኗል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ያነክሳል።

አባቴ ከሆስፒታሉ ወደ ቤታችን መጣ። ከዚያ የስልክ ጠብ ወዲህ ቤታችንን ረግጦ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ምሳ በላን፤ ስለ ሽጉጥ ማንም አላነሣም። አባቴ ሊወጣ ሲል ጋቢውን እያስተካከለ፣ ወደ ባለቤቴ ሳያይ፣ «ቅዳሜ የመስኖውን ድንች አወጣለሁ፤ ሥራ ከሌለህ ና» አለው።

ባለቤቴ በሩ ከተዘጋ በኋላ ቆሞ ቀረ። «ለምንድነው የጠራኝ?»

«ድንች ሊያስቆፍርህ ነዋ።»

«ይህን ያህል ጊዜ ሳይጠራኝ?» አለ። «ሊፈትነኝ ይሆናል። ወይ የኔታ ሊያውጣጡኝ ይሆናል።»

አሁን ደግሞ ተራው የሱ ሆነ ብዬ አዘንኩ። ሐሙስ አልሄድም አለ፣ ዓርብ አይቼ አለ። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ቦቲውን አድርጎ ቀስቅሶኝ ሄድን።

ማሳው ላይ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። አባቴ በዶማ ይቆፍራል፣ ባለቤቴ ድንቹን ከአፈሩ ይለቅማል። ከሩቅ ሳያቸው ብዙም አያወሩም። አንዴ ባለቤቴ አንድ ነገር ጠየቀው፤ አባቴ ዶማውን አቁሞ ጥቂት አሰበና መለሰለት። ምን እንደሆነ ኋላ ባለቤቴን ስጠይቀው፣ «የዘር ድንች በምን እንደሚለይ ነው» አለኝ። «መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን ፊቴን አየኝ።»

ሲመሽ በጭቃ ተለውሰው ገቡ። ውኃ ላስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ሳነሣ አባቴ ከእጄ ወሰደብኝ። ባለቤቴ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ሽማግሌ ወጣትን ሲያስታጥብ ማየት አልለመደም። «ኧረ አባባ፣ እኔ ላስታጥብዎ» አለ። አባቴ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ባለቤቴ እጆቹን ዘረጋ፤ ውኃው ሲወርድለት እጁን ሳይሆን የአባቴን ፊት ነበር የሚያየው።