ኤቫሪስቶ ያወለቀው ደህና ኩሽኔታ

ኤቫሪስቶ ሩጋማ በእኛ በኤስቴሊ ከተማ አርባ ዓመት መኪና ጠግኗል። ስም ያወጣለት ጆሮው ነው። ባለመኪናው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ፣ እሱ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የታመመውን ክፍል ይጠራ ነበር። ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ያ ጆሮ ከዳው። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋበት፤ ቀጥሎ የሚስቱ የአውክሲሊያዶራ ንግግር እየተቆራረጠ ይደርሰው ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሜላኒያ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በእሱ ታክሲ ወደ ሂኖቴጋ ተራራ ሰው የምታመላልስ ሴት ናት። ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ፍጥነት ሲጨምር እንደሚያጉረመርም፣ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት እንዳቃታት ነገረችው። ዋናው መንገድ ላይ ወጥተው ሞከሩት። ኤቫሪስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የሰማው አንድ ድፍን ያለ ጉምጉምታ ነው፤ ከግራ ይምጣ ከቀኝ አላወቀም። እሷ ፊት ፊቱን እያየች ስትጠብቀው፣ የቀኙ ነው አላት።

መኪናውን በክሪክ አነሳ፤ ጎማውን ፈታ፤ ጎማው የሚዞርበትን አሮጌ ኩሽኔታ በመዶሻ አስለቅቆ አዲሱን ገጠመ። አሮጌውን ወደ ቁርጥራጭ ብረት በርሜል ሲወረውር ጣቱ አንድ ነገር ጠርጥሮ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማውም። ተሳፋሪዎቿ ይጠብቋት ስለነበር ሜላኒያ ሳትሞክረው ወጣች።

ምሳ ላይ ሩዝና ቦሎቄው ቀዘቀዘበት። ተነስቶ በርሜሉን ገለበጠ፤ ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠርጎ በጣቱ ቀስ እያለ አሽከረከረው። ያረጀ ኩሽኔታ ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ይሄ ግን ልስልስ ብሎ ዞረ። ደህናውን አውልቆ፣ የተበላሸውን የግራውን ተራራ ላይ ሰዶታል።

ለሜላኒያ ስልክ ደወለ፤ አታነሳም። አውክሲሊያዶራ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆይታ፣ ፊት ለፊቱ መጥታ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ተናገረች።

"እንደማትሰማ እኔ ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እሷ ግን አታውቅም። ሂድና ንገራት።"

አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ፣ መሣሪያውን ጭኖ፣ በጎረቤት ሞተር ብስክሌት ተከተላት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆማ አገኛት። ድምፁ ስለባሰባት ነበር የቆመችው። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች።

"የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሜላኒያ" አላት። "ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። የቀኙ ነው ያልኩሽ ገምቼ ነው።"

ሜላኒያ ሕፃኑን አየች፤ ከዚያ እሱን።

"አላወቅኩም ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል፣ ዶን ኤቫሪስቶ?"

"ከብዶኝ ነበር።"

እሱ የግራውን ወገን በክሪክ አንስቶ፣ አንድ መዳፉን ከጎማው ጀርባ ያለው ሞላ ላይ ጣል አድርጎ በሌላው ጎማውን አዞረ። ሻካራው ንዝረት በብረቱ አልፎ እስከ ክርኑ መጣ። አሁንም በእሱ ቃል ብቻ እንድታምን አልፈለገም፤ እጇን እዚያው ላይ እንድታደርግ ጠየቃት። አደረገች።

"ቡና እንደሚፈጭ ነው" አለች ቀስ ብላ።

የጎሚስታው ሰውዬ ረድቶት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ቀየረው። ሜላኒያ ከመሄዷ በፊት ቁልቁለቱን ሞክራ ተመለሰች፤ ጎማው ጸጥ ብሏል። ሳትሰናበተው ሄደች።

ወሬው በሾፌሮች ዘንድ ለመዞር አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ደንቆሮው የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ሁለት ባለታክሲዎች ሌላ ጋራዥ ሄዱ። የቀሩት ከበሩ ጀምረው ይጮኹበታል፤ እሱም ጮኾ ይመልስላቸዋል። መገመት ግን ተወ። ካላወቀ አላወቅኩም ይላል፤ ጎማ ሲያዞርም መዳፉን ከሞላው ላይ አይለይም።

ሜላኒያ አራት ወር ቀረች። በአምስተኛው ፍሬን ለማሠራት መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ችግሩን ጮክ ብላ ነገረችው፤ ጨርሳም ያለችውን እንዲደግምላት ጠየቀች። ኤቫሪስቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ በአንድ ደገመላት።