ወንድም ጋሼ ያላያት በቅሎ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ አስቆመችኝ። «እማማ፣ ከዚህ ወደ ከተማ የሚወስደው ትራንስፖርት ምን ቢሻሻል ይላሉ?» አለችኝ። ሌላው መንገደኛ ሁለት ሦስት ነገር ይዘረዝርላታል፤ እኔ ግን «በቅሎ» ልል ምንም አልቀረኝ። ሐሳቤ ሞጣ ሄዶ ነበር።

በልጅነቴ ሞጣ አውሮፕላን ያርፍ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። አንድ ትንሽ አውሮፕላን ቢቸናን ነክቶ ይመጣና ከከተማው ወጣ ብሎ ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ክረምት ሲሆን ጭቃው አያስጠጋውም። ከሜዳው ወደ ከተማ የሚያደርሰው በቅሎ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው በቅሎ ጭኖ ይልካል፤ በቅሎ ያልተላከለት እንዳልተፈለገ ይገባዋል።

ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ የአባባን የቅኔ ጉባኤ ጥሎ አዲስ አበባ ሄደና መካኒክ ሆነ። የቅኔ መምህሩ አባባ ክፉኛ ተቀየሙት፤ ስሙ ቤታችን ውስጥ መነሳቱ ቀረ። በአራተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። «ይቅር ካሉኝ ማክሰኞ በቅሎ ይላኩልኝ። በቅሎ ካላየሁ ወደ ባሕር ዳር አልፋለሁ» ይላል። አባባ አንብበው አጣጥፈው አስቀመጡት። ማክሰኞ ጠዋት ግን በቅሎዋን በገዛ እጃቸው ጭነው ልጓሙን ሰጡኝ።

«እንዳታስጠብቂው» አሉኝ።

ጥቅምት ነበር፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ። የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ፣ ያልደረቀውን ጭቃ እየዘለልኩ በደስታ ሄድኩ። አውሮፕላኑ አርፎ አራት ሰው ወረደ፤ ወንድም ጋሼ የለበትም። በሩን ባይ ባይ ሌላ የሚወጣ ጠፋ። ከወረዱት አንዷ ከሐረር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሚስት ናት፤ እርጉዝ ነበረች። ባሏ የምትመጣበትን ቀን አላወቀም። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ «እህቴ፣ መራመድ አልቻልኩም» አለችኝ። ወንድሜ ቀርቷል ብዬ እሷን በቅሎዋ ላይ አስቀምጬ ጤና ጣቢያ አደረስኳት።

ልቤ አላርፍ ቢለኝ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። አውሮፕላኑ ሄዷል። የሜዳው ዘበኛ ከብት ሲመልስ አገኘሁት።

«ቆየት ብሎ አንድ ጎረምሳ ወርዶ ነበር» አለኝ። «ዙሪያውን አየና ተመልሶ ገባ።»

በቅሎዋን እየሳብኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አባባ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። «መጣ?» አሉ።

«አልመጣም» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራኋቸው። ኮርቻውን አወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አልጠየቁም። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ዓመታት አለፉ፤ አባባም አረፉ።

ለወንድም ጋሼ የነገርኩት ከቀብራቸው በኋላ ነው። «ሌሎቹ ሲወርዱ እኔ ድፍረት አጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ሴትዮዋ በሰላም ተገላግላለች፤ እሷን በመርዳቴ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ለአባባ የመለስኩት መልስ ነው። ልጄ ይቅርታዬን ናቀ እንዳሉ ሞቱ። ሰው የሚናፍቀው ያየውንና ያለፈውን ነው ይባላል፤ እኔ ግን አባባና ወንድም ጋሼ ታርቀው አንድ ማዕድ ቀርበው ሲበሉ ማየት ይናፍቀኛል፤ አንድም ቀን ሳላየው የቀረሁትን።